አድራሻው ያልታወቀ

ጦሳ ጉሙን ለቆ ደሴን አልብሷታል፤
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላዬ ቆሟል።
ጣቴን በትንፋሼ እያሟሟቅኩ ሳለ
አንዲት ሴት መጣች፤ ድምጿ የሰለለ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ክስ ይጻፉልኝ።»
«አብሽሪ፣ ተቀመጪ። ስም?»
«ጦይባ ይመር።»
«ተከሳሽስ?»
ዝም።

ሌሊት ነው የሆነው፤ ባሏ እንደተኛ፣
ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ስልኳን አድርጋ ጓደኛ፣
እናቷ ያልሰማችውን፣ ሐኪም ፊት ያፈረችውን፣
ጽፋ ጠየቀችው ያን ዓይነ ብዙውን።
ከማንበቧ በፊት አንድ መስኮት መጣ፣
«እስማማለሁ» የሚል። ነካችው፤ ምን ጣጣ!
ሲነጋ ስልኳን ያዘች የባሏ ታናሽ፤
«ለመካን መድኃኒት፣ በታላቅ ቅናሽ»
ደጋግሞ ብልጭ አለ።
በቀትር ስሟ ሰኞ ገበያ ዋለ።

«ማን ብዬ ልጻፈው? ቀበሌው ወዴት ነው?
የቤት ቁጥር አለው? መጥሪያስ ማን ይስጠው?»

ሐሙስ ለት አዳራሽ፣ ረቂቅ አዋጁን
ሲያነቡልን ሰማሁ፣ አንድ በአንድ አንቀጹን።
«ግላዊ መረጃ»፣ «ሰብሳቢ»፣ «አቀናባሪ»፤
መድረኩም ላይ ሌላ ሰብሳቢ፣ ተናጋሪ።
እጄን አወጣሁ፦ «ጌቶች፣ አንድ ቃል ጎደለ፤
ገመና የሚባል፣ አገሬው የሚያውቀው አለ።
መረጃ ይሰበሰባል፤ ገመና ግን ይሸፈናል፤
ይህቺን ብታስገቧት ድሃውም ይገባዋል።»
«አስተያየቱ ተይዟል» አሉኝ። ውኃ በላስቲክ ታድሏል።
ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ የሚል ወረቀትም ዞሯል፤
እኔም ሞላሁ።

ረቂቅ ነው ገና፤ ረቂቅ አይጨበጥም፤
እንደ ጦሳ ጉም ነው፤ ያለብሳል፣ አያሞቅም።

ብቻ ጻፍኩላት። «ተከሳሽ፦ አድራሻው ያልታወቀ» ብዬ፣
ሁለት ገጽ መታሁ፣ ካርቦኑን ከሥር ጥዬ።

ካርቦኑን…
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ሁሉ
ቅጂው ቤቴ አለ፣ ሣጥኖች እስኪሞሉ፦
የፍቺ፣ የውርስ፣ የዲቃላ ክርክር፣
የስንቱ ገመና፣ ከአልጋዬ ሥር።
«እስማማለሁ» ያለኝ አንድም ሰው አልነበር።

ጦይባ ከመቀነቷ ብሯን ልትፈታ ስትል
ዋናውን ሰጠኋት።
ቅጂውን ጣቴ አልለቅ አለ፣ እንደ ልማዱ ሊከትል።
«ያኛውስ?» አለችኝ፣ ወረቀቷን እያየች።
ሰጠኋት።
ሰማያዊ ቀለሟ ከጣቴ ላይ ቀረች።