እድፉ

ከወንዙ ማዶ ነው፣ በሪጋ ከተማ፤
ክፍሏ አንድ፣ መስኮቷ አንድ፣ ኩሽናዋ ጨለማ።
ግድግዳው ላይ ደግሞ፣ ከአልጋዋ በላይ፣
የዝናብ እድፍ አለ፣ ሻይ የተረጨ መሳይ።

ትራም ነጂዋ ዳይጋ ደሞዟን ቆጠረች፤
ለቀለም፣ ለቀቢ እንደማይበቃ አወቀች።
«ካልደበቅኩህ፣» አለች፣ «ላንግሥህ እንግዲያ!»
እርሳስ መዘዘች፣ ከዩኒፎርሟ ጉያ፤
ጠርዙን ተከትላ ዞረችው በመስመር፤
እድፉ ደሴት ሆነ፣ ዙሪያውም ባሕር።
ወደብ ሠራችለት፣ ጥፍር የሚያክል፤
ጀልባ አሰረችበት፤ ዳገቱ ላይ ፍየል።

ካረጀ መጋረጃ ልብስ ሰፋች ለመብራቷ፤
የዓሣ ቆርቆሮ ታጥቦ፣ መደብ ሆነ ለሽንኩርቷ፤
ጎረቤት የጣለው ባዶ የመስኮት ክፈፍ
ደሴቱን አቀፈ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
እንግዳ ሲጠይቅ፣ «የት ይሆን ይህ አገር?»
«ሐዲድ አልደረሰው፣» ትላለች፣ «የለበት ግርግር።»

ሚያዝያ ላይ መጡ ቪልኒስ፣ የቤቱ ጌታ፣
በእጃቸው ነጭ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ይቅርታ።
«አዘገየሁት» አሉ፣
«ሦስት ክረምት ሙሉ።»
ቀና አሉ። ዝም አሉ። መነጽር ቀየሩ።
ባልዲውን በሩ ጥግ ቀስ አርገው አኖሩ።
«ይቺ ፍየል፣» አሉ፣ ጣታቸው ሲጠጋ፣
«ብቻዋን ናት እኮ!»
                    እርሳስ ሰጠች ዳይጋ።