ሁለት ደብዳቤ በአንድ እጅ

የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ፣ እዚህ ሳስካቱን፤
ቃል እመዘግባለሁ፣ እቆጥራለሁ እጁን።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ውርጩ ሲጋረፍ፣
ለማዘጋጃ ቤቱ ቁጭ ብዬ ስጽፍ፣
«ጥቂት ነን» አልኳቸው፤ «መቶ ሠላሳ ሰው፣
ሬሳውን በገዛ እጁ አፈር የሚያለብሰው።
ቆፋሪው መኪና ሞተሩን ያጥፋልን፣
አካፋውን ለእኛ፣ ለእጃችን ተዉልን፤
ሴቶቹም ሲያለቅሱ ሰዓት አይያዝባቸው፣
ደረት ሲመቱ «ጸጥታ» አትበሏቸው።
በእጅ ብዛት ከሆነ የፍትሕ ሚዛኑ፣
እኛ ተሸንፈናል ገና ሳትመዝኑ።»

ቃሉ አማረልኝ። ሰጡን አንድ ረድፍ፣
ከጥዶቹ በታች፣ ከአጥሩ ጫፍ።

ዘንድሮ መንክር ሞተ፤
የአውቶቡስ መካኒክ፣ ነገር የማያበዛ፣
በየቀብሩ ግን ጓንት ለሁሉ የሚገዛ።
ለልጁ ለሶስና አንድ ገጽ ትቶ ሄደ፦
«አፈር አልፈልግም። በእሳት ይሁን ሥጋዬ፣
ዐመዴን ወንዝ ይውሰድ።»
ምክንያቱን አልጻፈም።
መጻፍ ነበረበት?

ሊቀመንበራችን ጋሽ ይርዳው ተነሡ፤
«ለዚህ ነው የለመንን? ለዚህ ነው ረድፉ?
ዛሬ አንዱ በወንዝ፣ ነገ አንዱ በነፋስ፣
ሁሉም በየራሱ ከሄደ
ዕድር ማለት ምንድን ነው?»
ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሚስታቸው
ከጥዶቹ ሥር ናት፤ ከጎኗ ያለው ቦታ
የእሳቸው ነው።
ደግሞ ውሸት አልተናገሩም፤
አንድ ሰው ሲጎድል ሸክሙ የሚከብደው
ቃሬዛውን ለያዙት ነው።

አርባ አንድ እጅ ወጣ። አንደኛው የእኔ ነው።
ሦስት ተቃወሙ።
«በአብላጫ ድምፅ» ብዬ ለሶስና ጻፍኩ፤
«ድንኳን አይተከልም፣ ወንበር አይላክም፣
የዕድሩ ሰው በዕድሩ ስም ለቀብር አይወጣም።»
ማኅተም መታሁበት።

ቅጂውን ላስቀምጥ መዝገቡን ስከፍት
ያ የድሮው ወረቀት ፊት ለፊት ጠበቀኝ፦
በእጅ ብዛት ከሆነ…
ጽሕፈቴን አየሁት። አልተለወጠም፤
ያው ጎባጣ «ሀ»፣ ያው የሚያነክስ «ጸ»።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ ዳር ሄድኩ፣
ለማየት ብቻ ነው ብዬ፣ ከመኪና ሳልወርድ።
በረዶው እስከ ጉልበት።
ሶስና ሣጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ
መንገድ አጥታ ቆማለች።
ከመኪናዬ ኋላ አካፋ ነበረ፤
ለዐመድ ምን ይሠራል?
ለበረዶ ይሠራል።
ጠረግኩላት፣ ከአስፋልቱ ጀምሬ
ውኃው እስካልረጋበት፣ እስከ ድልድዩ ሥር።

«ዕድሩ ልኮህ ነው?»
«አካፋው የዕድሩ ነው» አልኳት፤
የቀረውን አልጨረስኩም።

ሐሙስ ስብሰባ አለን።
ሦስተኛ አጀንዳ፦ የዕድሩን ንብረት
ያለፈቃድ ስለ መጠቀም።
ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝ።