አሥራ ሁለት ወንፊት

ሻርጃ፣ ሰናእያ አሥር፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ስድስት ሰው የሚያድርባት አንዲት ጠባብ ዛኒጋባ።
ታችኛው አልጋ የእኔ ነው፣ ላይኛው የኑረዲስ፤
እሱ ማንኮራፋት ሲጀምር እቆጥራለሁ ሳልተነፍስ፦
መቶ ሠላሳ ስምንት፣ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣
መዳቡን በፈራይቱ ላይ፣ ዙሩ እንዳይጠፋኝ።

ቀን የሰው ቤት አቀዘቅዛለሁ፣
ጋዝ እሞላለሁ፣ የሞተ ቦርድ እቀይራለሁ፤
የሞተውን ግን አልጥልም፣ በኪሴ ይዤው እገባለሁ፣
ከሬሳው ላይ በፒንሳ ኮይሉን እነቅላለሁ።

የጎደለኝን ሺቡ ይሞላል፣ የኬረላው፣ ባለ ሱቁ፣
ካፓሲተር እንደ ቆሎ በእፍኝ የሚሰፍረው።
«ምን ልትሠራበት ነው?» አለኝ በተሰባበረ አረቢኛ።
ወንፊትን በአረብ አፍ አላውቅም፤ እሱም አያውቅ አማርኛ፤
ባዶ እጄን ዘርግቼ
ዱቄት እንደሚነፋ ሰው ወዘወዝኩት።
ሳቀ። ግማሹን ሂሳብ ተወልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ከሲንተሳይዘሩ የሚወጣው ድምፅ ጥሬ ነው፣
ገለባም ፍሬም አለበት።
አሥራ ሁለት ወንፊት እደረድርለታለሁ፣
የታችኛው መቶ ሃያ አምስት ላይ፣
የላይኛው አምስት ሺህ ስድስት መቶ ላይ፤
እያንዳንዱ የራሱን አሳልፎ የሌላውን የሚያስቀር።
ዜማው ይውጣ፣ ይውረድ፣
ወንፊቱ ከተተከለበት ንቅንቅ አይልም።
ስሙም ለዚህ ነው፦ ቋሚ ማጣሪያ።

ሳቄ መጣ።
ኢቃማዬ በየሁለት ዓመቱ እየታደሰ፣
አልጋዬ በወር እየተከፈለ፣
ሻንጣዬ ሳይፈታ አልጋ ሥር እንደተኛ፣
እኔ፣ እዚህ አገር፣ ቋሚ ነገር ልሠራ።

ነሐሴ ደግሞ አለ።
የኤሲ ጠጋኞች ቤት ኤሲው ሞተ፤
ስድስታችንም ደክሞን ማንም አልነካውም።
አርባ ሰባት ዲግሪ። አምስት መቶ ብዬ የተከልኩት
አራት መቶ ሰባ ላይ ወርዶ አገኘሁት፣
ላብ እንዳጠመቀው ሠራተኛ ግድግዳ ተደግፎ።
ርካሹ ካፓሲተር ሙቀት አይችልም።
ፈታሁት። ውዱን በዱቤ ወስጄ
እንደገና በየድኩት።

አርብ አርብ እደውላለሁ።
እናቷ ቤት ያለው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤
ስልክም፣ አሁን ነው የገባኝ፣ ወንፊት ነው።
ከሦስት መቶ በታች አያሳልፍም፣
ከሦስት ሺህ አራት መቶ በላይ አያሳልፍም።
ስሄድ ኢክራም ጡት ላይ ነበረች፤ አሁን ሰባት ዓመቷ።
ልጄን የማውቃት በዚህች ጠባብ መስኮት ነው፣
የደረቷ ወፍራሙ ከታች ቀርቶ፣
የጥርሷ ስለቱ ከላይ ቀርቶ።

«አብሽር አባዬ» ትለኛለች፤
ማን እንዳስተማራት እንጃ።
«ሽ»ዋ ግን አትደርሰኝም።
ቤቷ ከፍ ያለ ነው፣ አራት ሺህ ማዶ።
እኔጋ የሚደርሰው «አብ»፣
ከዚያ ትራስ ያፈነው የመሰለ ነገር፣
ከዚያ «ር»።

ትናንት ሌሊት አሥራ ሁለተኛዋ ተበየደች።
ማዞሪያዎቹን ሁሉ ዘጋሁ።
ነጩን ጫጫታ ለቀቅኩበት፣
አሸዋ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲዘንብ የሚመስለውን።
ከዚያ የአራት ሺህዋን ብቻ
ቀስ ብዬ፣ በአውራ ጣቴ፣ ከፈትኳት፤
ከላይኛዋም ጥቂት፣ ጨው እንደሚጨምር ሰው።

ማዳመጫው ውስጥ
ሽ
አለ።

ኑረዲስ ከላይ አንገቱን አሰገገ፦
«ምንድን ነው እሱ የምትሰማው?»
ማዳመጫውን አቀበልኩት።
ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ባለሙያ፣ አዳመጠ።
«ጋዝ እያፈሰሰ ነው» አለና
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

እኔ የማዞሪያዎቹን ልክ
በአልጋው ብረት ላይ በእርሳስ ጻፍኩ።
አርብ ሦስት ቀን ይቀረዋል።