በኋላ ማርሽ

ድንቢጥ ነበር የምንላት፤ ስሙን ያወጣላት የኮምቦልቻ ሰው ነው፤
ፋብሪካዋ የሰጣትንማ ማን አንብቦ ሊያውቀው?
ከኋላ ኮፈኗ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ
ሁለት ፊደል ተርፎ፣ ሌላው አልቋል በመርገፍ።

ሦስት ሆነው መጡ በአሰብ መንገድ፣ ካሚዮን ላይ ታዝለው፣
ያልበሰለ ሎሚ መስለው።
አንዷን መምህር ገዛት፣ አንዷን የጨው ነጋዴ፣
ድንቢጥን ጋሽ ሽበሺ፣ የሥጋ ፋብሪካው ሒሳብ ያዥ፣
በዕቁብ፣ በብድር፣ በዘዴ።

ዓመት ሳትደፍን ውኃ ማንጠባጠብ ጀመረች።
ደብዳቤ ተጻፈ ባሕር ማዶ፣ ፓምፕ ላኩልን ተባለ፤
በሰባት ወሩ መልስ መጣ፣ በታይፕ እንዲህ እያለ፦
«ይህች ሞዴል ሦስት ዓመት ተመርታ ቆማለች።
መለዋወጫ የለንም። ከአክብሮት ጋር።»
ጋሽ ሽበሺ እንደ መርዶ ነጋሪ፣ ጎሕ እስኪቀድ ቆይቶ፣
ለመካኒኩ ነገረው፣ ደጁን አንኳኩቶ።

ሙሄ ይመር አላዘነም፤
«እነሱ ቢያቆሙ፣ እኔ አላቆምኩም!»
ጋስኬቷን ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ቀደደ፣
ለፓምፗ የመስኖ ሞተር ብረት ሞረደ፣
ቺንጋዋን ከወፍጮ ቀበቶ ሸለተ።
የመምህሩን መኪና ቦርከና ሞልቶ ቢወስዳት፣
ራዲያተሯን ከደለል ቆፍረን፣ ለእኅቷ አወረስናት።
የነጋዴው ደግሞ ተወርሳ፣ ቀበሌ ግቢ ቆማ፣
ሌሊት በፋኖስ ፈታናት።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እንግዲህ ይሰማ።

እኔ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ።

አንድ የክረምት ሌሊት የጎረቤት ሚስት፣ ፋጤ፣ ምጥ ጠናባት፤
ደሴ ሆስፒታል ይዘናት ወጣን፣ ሌላ መኪና ታጣላት።
ሐረጎ ላይ ድንቢጥ አቃሰተች፣
በአንደኛ ማርሽ እንኳ እምቢ ብላ ቆመች።
ሙሄ ወረደ። ዳገቱን አየ። ጭጋጉን አየ።
«የኋላ ማርሿ ጉልበት አለው» አለና
አዞራት።
እኔን ኮፈኗ ላይ አወጣኝ፣ ባትሪ አስጨብጦ፦
«ዓይኔ አንተ ነህ፤ ገደሉ የት እንዳለ ንገረኝ።»
ግራ! ግራ! ቀኝ! ቁም፣ ድንጋይ ነው! ሂድ!
ከንጉሥ ፊት እንደሚወጣ አሽከር፣
ጀርባዋን ለቆላው ሳትሰጥ፣
በየጉድጓዱ እጅ እየነሣች ወጣች።
ፋጤ በመስተዋቱ የኮምቦልቻን መብራት ፊት ለፊት እያየች፣
ምጡ መለስ ሲልላት፣
«ወደ ቤት ነው እንዴ የምትወስዱኝ?» ትላለች።

ደሴ ስንገባ ጦሳ ጉሙን ተከናንቧል፤
ሙሄ አንገቱን አሽቶ፣ «ሞተሩ ግሏል» አለ። ሌላ ምን ይላል?

ሦስት ዓመት ብቻ ተሠርታለች ይላል ያ ወረቀት።
እኔ አይቻለሁ፣ ሙሄ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራት።

ያኔ የተወለደችው ልጅ ዛሬ ፒያሳ ላይ ታክሲ ትነዳለች፤
ወደ ኋላ ስትሄድ ዞራ አታይም፤
ረዳቷ ይጮኻል፣ እሷ ትስቃለች።