ነጭ ጨርቅ

ሐምሌ ሻርጃ ላይ ነው፤ ጥላም ያቃጥላል፣
ሱሄል በቢጫዋ ደግሞ ብቅ ብሏል።
ሦስት መቶ ስትከንፍ ምንም ያላረገችው
ቀይ መብራት ሲይዛት በላብ አጠመቀችው።
መጋቢት ላይ አንዱ፣ ሌላው በግንቦት፣
ሦስተኛው ኮምፕሬሰር
ዛሬ ጧት ጮኸና ዝም አለበት።

«ክላቹ ይሆናል» አልኩ። «ጋዝ ሳይበዛም አይቀር። ፊውዙንም እንይ።»
ኩንጁሞን አልመለሰልኝም።
ቱቦውን ፈታ፣
ከዘይቱ ጠብታ
ነጭ ጨርቅ ላይ አሳርፎ በአውራ ጣቱ አሸ፤
ወደ ፀሐይ አዘነበለው።
ጥቁር። በጥቁሩም ውስጥ እንደ ዓሣ ቅርፊት
የሚብለጨለጭ የብረት ብናኝ።

«የፊተኛው ሲሞት» አለ በስብርባሪ ዐረብኛው፣
«አጥንቱን ኮንደንሰሩ ውስጥ ዘርቶ ነው የሄደ።
ሬሳ ስንለውጥ ከረምን፤
ገዳዩ ከቤት አልወጣም።»

ሱሄል ሰዓቱን አየ። «የማን ጥፋት ነው?»

ደረሰኞቹ ቢሮ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰክተዋል፣
ሁለቱም ላይ፣ በእኔ በዛሂድ እጅ፦
መስመሩ ታጥቧል።
መስመሩ ታጥቧል።

ኩንጁሞን አላየኝም።
ጨርቁን አራት አጥፎ፣ እድፉን ወደ ውስጥ አድርጎ፣
መዳፌ ላይ አኖረው።
«አሸዋ ነው» አለው። «እጥበቱ በእኛ።»

ጨርቁ ገና ይሞቃል።