ቤት መምታት

የምሠራው ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤
ሌሊት በፈረቃ ጥቅልል ነው የማዞረው።
ቶን ሙሉ ነጭ ወረቀት በእጄ እያለፈ
ስሜ ግን ባንዱም ላይ በወጉ አልተጻፈ።

ማክሰኞ ጧት ባንክ ገባን ከኦሽራት ጋራ፤
እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሐዴራ፣
እኔ ከደብረ ታቦር ተከትያት የመጣሁ።
በየዓመቱ ላገር ግዛት «ባሏ ነኝ» እላለሁ፤
የጥርስ ብሩሿን ቀለም ቢሉኝ እመልሳለሁ።
(አረንጓዴ ነው።)

የብድር ክፍሏ ጋሊት — መነጽር፣ ጥፍሯ ቀይ —
ደግ ሰው ናት፤ ውሃ ቀዳችልንና «እስቲ ልይ»
ብላ ያጠራቀምነውን ክምር አገላበጠች፣
የደመወዝ ደረሰኙን አንድ ባንድ መረመረች።
የጋብቻችን ምስክር፣ ሁለቴ ተተርጉሞ፣
ሦስት ማኅተም ተሸክሞ፣ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ፣
በሽተኛ ይመስል ነበር።

«እሷ ብቻዋን ከሆነች ከቤቱ ዋጋ ሰባ አምስት
በመቶ፤ እሱ ከገባበት...» አየችን። «ሃምሳ። ይህ ነው ሥርዓት።»

ድሮ ሒሳብ ጎበዝ ነበርሁ፤ አንድና አንድን አውቃለሁ፤
ሁለት ሆኖ ማነስን ግን እዚያ ወንበር ላይ ተማርሁ።
ቪዛዬ? አንድ ዓመት። ብድሩስ? ሠላሳ።
ያንድ ዓመት ትከሻ እንዴት የሠላሳ ሸክም ያንሣ?

አውቶቡስ ውስጥ ኦሽራት በዕብራይስጥ ተሳደበች፤
ላጽናናት እጇን ስይዛት በአማርኛ አለቀሰች።

አማቴ ሰንበት ሲወጣ «መቼ ነው የምትወልዱ?»
ብላ ትደውልልናለች።
ልጁ ይቆይ እንጂ፣ እማማ፣ ተፀንሷል ወለዱ።

ዋስ ያስፈልጋል ተባለ። ኦሽራት መሬት መሬት አየች።
«አባቴን አልጠይቅም» አለች።
የአባቷ ስም ዋሴ ነው። ሦስት ዓመት ነው ካኮረፉ፤
ማዕተቤን ካዩ ወዲህ በደጃችን አላለፉ።
አልፈርድባቸውም እኔ። ከጠለምት በእግር መጥተው፣
ሱዳን ላይ ልጅ ቀብረው፣
የከፈሉትን ቅድሚያ ክፍያ የትኛው ባንክ ያውቀው?

ሐሙስ ስንመለስ ግን በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን፤
ኮፍያ፣ የሰንበት ኮት። «ሻሎም» አሉ። ማንን? እኔን?
ማን እንደነገራቸው እስከዛሬ አላወቅሁም።
(አማቴን እጠረጥራለሁ። አልጠየቅሁም።)

የዋሱን ስም ስትጠይቅ «ዋሴ» አሉ፤ ጋሊት ጻፈች፤
ኦሽራት ልትተረጉምላት ጀምራ፣ በሳቅ ተወች።
በአማርኛ ፈረሙ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፤
ሲጨርሱ ብዕሩን ሳያዩ አቀበሉኝ።
ጫፍና ጫፉን ያዝን፤ እጃችን አልተነካካ፤
የብዕር ርዝመት ነበር የቀረን መንገድ ለካ።

እኔ የፈረምሁት ሌላ፦ «በቤቱ ድርሻ የለኝም፤
ባሏ ነኝ፤ አውቄ ፈርሜአለሁ፤ ወደፊትም አልከስም።»
ወረቀቱን በጣቴ መዘንሁት፤ ሰማንያ ግራም፤
የኛው ፋብሪካ ሥራ፤ ያዞርሁት ሳይሆን አይቀርም።
የሰማንያ ክብደቱ ይህን ያህል ኖሯል? ቀላል፤
ንፋስ ቢመጣ ይበርራል፤ ሰው ከያዘው ግን ይቆያል።

ቤቱ ጊቫት ኦልጋ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት፤
ከማድቤቱ መስኮት ባሻገር ባሕር ዛፍ ይታያል ከፊት።
ረግረጉን እንዲመጥ ብለው ከማዶ አምጥተው ተክለውት፣
ከየት እንደመጣ ስሙ ራሱ እየመሰከረበት፣
ቪዛህን አሳይ ያለው የለም፤ ቅርፊቱን እየጣለ
በየዓመቱ ሌላ ሆኖ፣ እዚያው ቦታው ላይ አለ።

ግጥም ስጽፍ ቤት እመታለሁ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ወለድ፤
እዚያ ለመግባት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ፈቃድ።
አንዲት ስንኝ ብቻ ደረጃው ላይ ትቁም፣
ኦሽራት ቁልፉን ይዛ እስክትመጣ።