የፉርጎዋ ዘር ማንዘር

ዊኒፔግ፣ ትራንስኮና፤ ሌሊት ነው፣ ወሩም ጥር፣
ብርዱ ሠላሳ አንድ፣ ወደ ታች የሚቆጠር።
ፉርጎ ማንበብ ነው ሥራዬ፣ በባትሪ ብርሃን፣
በጓንቴ አመዳይ ጠርጌ ከጎኗ ቁጥሯን
መዝግቦ ማለፍ ብቻ፣ ይኸው ነው እንጀራዬ፤
እግሬ እንዳይደነዝዝ ግን ሌላ ነው ጨዋታዬ፦
ያነበብኩትን ቁጥር ዘሩን እጠይቃለሁ፣
«የማን ልጅ ነህ? አያትህስ?» እያልኩ እራመዳለሁ።
በአምስት የሚያበቃው አባቱን አይደብቅም፣
ተጋማሹም እንደዚያው፣ ከሁለት ቤት አይርቅም።
አንዳንዱ ሰባት ቤት ድረስ ዘሩን ቆጥሮ ይወርዳል፣
አንዳንዱ አፉን ይዞ፣ ቢጠይቁት ዝም ይላል።

ዛሬ አንዲት የስንዴ ፉርጎ፣ ጎኗን ዝገት የበላት፦
ሦስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ።

ተጋማሽ አይደለችም።
አሃዞቿን ደመርኩ፤ ሃያ ሦስት።
ሦስት እጁን ታጥቦ ሄደ፣ ዘጠኝም ተከተለው።
ለሰባት አራት ተረፋት።
ለአስራ ሦስት፣ ወይ አለመታደል፣ አንድ ጎደላት።
«ብቸኛ ናት» አልኩ።

ድሮ የተማርንበት የሂሳብ መጽሐፍ
ከራሱና ከአንድ በቀር አካፋይ የሌለውን
«ብቸኛ» ብሎ ጠራው።
ስሙን ያወጣው ሰው እንዴት ያለ ሌሊት አድሮ ይሆን?

ኦረስት ፍሬን ሊፈትሽ ከኋላዬ ደረሰ፤
ጢሙ በረዶ አብቅሏል።
«ስንት ድረስ ሞከርሽ፣ ትርሲት?»
«እስከ አርባ ሰባት።»
«ገና ነሽ» አለና መብራቱን አስጠጋ።
በወጣትነቱ ዶፊን ከተማ ወለል አንጣፊ ነበር፤
በአምስት የሚያልቅ ቁጥር ካሬው እንደ ዳዊት ይወጣዋል፦
«ስልሳ አንድ በስልሳ ሁለት፣
ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ሁለት።
ከኋላው ሃያ አምስት ለጥፊበት፤
የስድስት መቶ አስራ አምስት ካሬ ይኸውልሽ።
ያንቺዋ ከዚያ የምታንሰው አራት ሴራሚክ ነው።»

በፉርጎዋ አመዳይ ላይ በጣቱ ሳለው፦
እኩል አራት ማዕዘን ወለል፣
ጥጉ ላይ ሁለት በሁለት የጎደለው።
ከጉድለቱ አጠገብ ያለችውን ቀጭን ሰቅ ቆረጠ፣
አዙሮ በሌላው ጎን ለጠፋት፤
ቀዳዳው ጠፋ።
ወርዱ ስድስት መቶ አስራ ሦስት፣
ቁመቱ ስድስት መቶ አስራ ሰባት።

በእረፍት ሰዓት ሁለቱንም ፈተንኳቸው።
አባት ብቸኛ፣ እናት ብቸኛ፣
በመሃላቸው አራት እርምጃ።
አንድን ጨምሬ ሦስቱን አካፋዮች ደመርኩ፦
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ።
እሱም ብቸኛ!
እንግዲህ ምን ይባላል።

ሳይነጋ ባቡሩ ወደ ተንደር ቤይ ተጎተተ፣
ኦረስት የሳለው ወለል ከጎኗ ሳይጠፋ።
መዝገቤ ላይ ስድስት ሳጥን አለ፤ ስድስቱንም ሞልቻለሁ።
የአባት ስም የሚጻፍበት የለውም።